ሁለተኛው ሞላ

ማስታወቂያው የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት፣ ያብስራ ጥርሱን እየቦረሸ ሳለ ነው። በ2073 ዓ.ም. ደብዳቤ በር አያንኳኳም። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ይወጣል፤ አንባቢው እስኪጨርስም የቧንቧው ውሃ ይቆማል። አፉ በአረፋ ተሸፍኖ መቆም የሚወድ ስለሌለ፣ የከተማው ሰው ደብዳቤውን ሁሉ እየተጣደፈ፣ ግን እስከ መጨረሻው ያነባል።

«የተከበሩ አቶ ያብስራ። በቤትዎ የተመዘገበ አንድ የእጅ ዕቃ፣ ማለትም ባለ እጀታ የቡና ማሽን፣ ክብደቱ 38 ኪሎ፣ ለ150 ቀናት ሳይነካ ቆይቷል። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ማሽኑ ያለ ግድግዳው እርዳታ አንድ ሲኒ ቡና ከቀዳ በቤትዎ ይቆያል። ካልቀዳ ይቀልጥና ወደ ጠቃሚ ነገር ይለወጣል። መልካም ቀን።»

ውሃው ተመለሰ። ያብስራ ተጉመጠመጠና «ጠቃሚ ነገር!» አለ ለመስታወቱ።

«ለምሳሌ የበር እጀታ» አለ ቤቱ።

ቤቱ ልደታ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። የከተማዋ ቤቶች ሁሉ የሚናገሩት በአንድ ድምፅ ነው፤ የሴትም የወንድም ያልሆነ፣ ጨዋ፣ ከጉንፋን ገና ያገገመ የሚመስል ድምፅ። ያብስራ ሰባ አንድ ዓመቱ ስለሆነ «ጋሽ ያብስራ» ይለዋል። በዚህ ዘመን ያብስራና ኤልዳና፣ ናሆምና ሜላት የአዛውንት ስሞች ናቸው። ልጆቹ አንጓች፣ ደርበው፣ ይመኙሻል እየተባሉ ነው የሚያድጉት። ስምም እንደ ሱሪ ስፋት ዞሮ ይመጣል።

መቶ ሃምሳውን ቀን ያብስራ መቁጠር አላስፈለገውም። ሚስቱ ኤልዳና ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ የነካችው በሞተችበት ዕለት ጠዋት ነው። ቤቱ አርባ ቀን ሙሉ መብራቱን አደብዝዞ አብሮት አዘነ። ከአርባው ወዲህ ደግሞ ሰኞ ሰኞ «ሐዘንዎ እንዴት ነው? ቀንሷል፣ አልተለወጠም ወይስ ጨምሯል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያብስራ ሁልጊዜ «አልተለወጠም» ይላል። ቤቱም «አመሰግናለሁ» ብሎ መጋረጃውን ይከፍታል።

ኤልዳና አራት ኪሎ ጥግ ላይ በነበረ ካፌ ሠላሳ ዓመት ማሽኒስት ሆና ሠርታለች። በኋላ ቡና ከግድግዳ መቀዳት ጀመረ። በየቤቱና በየቢሮው፣ ከግድግዳው በወጣች ቀጭን አፍንጫ፣ የጠጪው የደም ግፊትና ዕድሜ፣ የትናንት እንቅልፉም ተለክቶ የሚወርድ ቡና ነው። ካፌዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። የሷም ሲዘጋ ባለቤቱ ሠራተኞቹን ለመታሰቢያ የሚፈልጉትን እንዲወስዱ ፈቀደላቸው። ሌላው ሲኒ፣ ሌላው ወንበር አንጠልጥሎ ሲወጣ ኤልዳና ማሽኑን አቅፋ ቆመች። አራት ሰው ተሸክሞላት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ ያብስራ የጠጣው የሷን ቡና ነው። ወደ ማሽኑ ጠጋ ካለ ግን «እጅህን!» ትለዋለች። አገጯ ላይ የቆየ ጠባሳ ነበራት፤ በጀማሪነቷ ቡና የሌለበትን እጀታ ጎትታ ስትለቀው ተወንጭፎ የመታት። ስለ ማሽኑ ስታወራ «እሱ» ነው የምትለው። «እሱ ዛሬ ደህና ነው።» «እሱ ዛሬ አኩርፏል።» እጀታውን ወደ ታች ስባ ስትለቀው፣ ቡናው እየተንጠባጠበ እጀታው ቀስ ብሎ ወደ ላይ እስኪመለስ ድረስ፣ ዞራ «ምን አለምክ?» ትለዋለች። ያብስራ ሕልሙን ይነግራታል። እጀታው ጫፍ ሲደርስ ሕልሙ ያበቃል። ያላለቀ እንደሆነ ለነገ ይተላለፋል።

በዚያ ማክሰኞ ያብስራ እጅጌውን ሰበሰበና ማሽኑ ፊት ቆመ። ከማሽኑ ጋር ብቻውን ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ስጠው» አለ።

«ኃላፊነቱን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«ጉዳት ቢደርስ የሚጠራ ቅርብ ዘመድ አለ?»

«ነበረች» አለ ያብስራ። ቤቱ ኤሌክትሪኩን ለቀቀ።

ውሃው ፈላ። ያብስራ ኤልዳና የፈጨችውን ቡና ከቆርቆሮው አውጥቶ፣ እሷ ታደርግ እንደነበረው ደልድሎ፣ መያዣውን ገጠመና እጀታውን ሳበ። ቀለለው። ሲለቀው እጀታው ተነሳ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ደረጃ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሽማግሌ ቆመ። ሲኒው ውስጥ የወረደው የአልጋ ልብስ እጣቢ የመሰለ ውሃ ነው።

ያብስራ ማሽኑን ዙሪያውን አየው። ከአናቱ ላይ፣ ሲኒ በሚደረደርበት በኩል፣ በኤልዳና እጅ በቀለም እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አገኘ፦ «ሲቀጥን — ሞላ።»

«የፊደል ግድፈት ይመስላል» አለ ቤቱ። «ትክክለኛው ‹ሙላ› ነው። ቡናው ሲቀጥን ውሃ ሙላ። አስተዋይ መመሪያ ነው።»

ያብስራም ያሰበው ይህንኑ ነው። እንዲያውም ከቤቱ ቀድሞ ያሰበው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቃል አጥሪ ነበር። ቤቶች አማርኛ ከመናገራቸው በፊት አማርኛውን አንድ ሰው ማጽዳት ነበረበት። ሕዝቡ በየስልኩ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ይመጣለታል፤ ደህናውን «ትክክል»፣ ጠማማውን «ግድፈት» ይላል። በቀን ዘጠኝ መቶ። ግድፈት የተባለ ቃል ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ቤት አፍ አይወጣም። ማታ ማታ ለኤልዳና የዕለቱን አስቂኝ ግድፈት ይዞላት ይመጣ ነበር። አንድ ቀን በአንዱ ዓረፍተ ነገር እንባዋ እስኪፈስ ስቃ፣ በሽርጧ ዓይኗን እየጠረገች «አንተን እግዜር ይጠብቅህ» ብላዋለች። ምኑ እንዳሳቃት ቢጠይቃት አልነገረችውም። ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደነበር ዛሬ ረስቶታል።

ስለዚህ ሞላ። ማለትም ውሃ ሞላ፣ እስከ አፉ።

ቀጥሎ የሆነውን ቤቱ በመዝገቡ «መጠነኛ እርጥበት» ብሎታል። ማሽኑ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ከጎኑ በአንዲት ቀዳዳ እንደ ባቡር አፏጨ፤ ከዚያ የሞቀ ውሃ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ያብስራን አጠበ። ወለሉ ላይ የቀረው ደግሞ መንገዱን ፈልጎ ወደ ሠላሳኛ ፎቅ ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። የታች ቤቷ ሜላት ናት፤ ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና። ጃንጥላ ዘርግታ ነው የገባችው።

«ሊፍቱ ‹የጉዞዎ ዓላማ?› ሲለኝ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?» አለች።

«ምን አልሽው?»

«‹ሰው ለመስደብ› አልኩት። መዘገበው። እንግዲህ ሳልሰድብህ ብመለስ የሐሰት መረጃ ሰጠሽ ይለኛል። አንተ ደንቆሮ! በዚህ ዕድሜህ ዋና አማረህ?»

«ይበቃል?»

«ለመዝገቡ ይበቃል» አለችና ጃንጥላዋን አጠፈች። ማሽኑን አየችው፣ እሱንም አየችው፤ ፊቷ ለሰለሰ። «ደብዳቤው መጣብህ አይደል? መቶ ሃምሳ ቀን። አውቄው ነበር።»

ረቡዕ ጠዋት ሜላት ፎጣ ይዛ ተመልሳ መጣች። ማሽኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ኋላውን ሲያደርቁ አንድ ደብተር ወደቀ፤ ዘይት የጠጣ፣ የተማሪ ደብተር። የኤልዳና ጽሑፍ ነው። ኤልዳና ስትጽፍ ቃል ትቆጥባለች፤ ቀን፣ አንድ መስመር፣ አራት ነጥብ። ያብስራ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«መጋቢት 3። ሞላ ዛሬ ደክሟል።»

ገጽ ገለጠ። «መጋቢት 9። ሞላ ተፈታ። ዘይት ቀባሁት። ጉልበቱ ተመለሰ።»

ሜላት መወልወሏን አቆመች።

«ግንቦት 20። ከሞላ ጋር ስታገል አረፈድኩ። ያብስራ ተኝቷል። አልሰማም።»

ያብስራ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። ጽሑፉ ያው ነው።

«ሞላ ማነው?» አለ።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ዘይት ቀባሁት ትላለች እኮ!»

«ወገቡን አሞት ይሆናላ» አለች ሜላት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«በከተማዋ ሞላ የሚባሉ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ» አለ ቤቱ ሳይጠየቅ። «በዘይት የሚቀባ ስለመኖሩ መረጃ የለኝም።»

ያብስራ ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለለ። የተጻፈው ከመሞቷ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። አነበበው፤ ከዚያ ደብተሩን ለሜላት አቀበላት።

ሜላት አነበበች፦ «ሞላ አርጅቷል። ሁለተኛው ሞላ አልጋው ሥር ነው። ያብስራ እንዳያገኘው።»



«ሁለት ናቸው» አለ ያብስራ።

«ያቤ…»

«አርባ አንድ ዓመት ትዳር ሜላት! ሃያ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ሕልሜን ስነግራት፣ አልጋው ሥር…» ቃሉን አልጨረሰውም። ወደ መኝታ ቤቱ አየ፤ ግን አልሄደም። ሰው በሐዘን ላይ ሐዘን ለማየት ብሎ ጎንበስ አይልም። «ተቆጣጣሪዋ ትምጣ። ታቅልጠው። የበር እጀታ ይሁን። እሱን ጨብጬ እወጣለሁ እገባለሁ።»

«ሞኝ አትሁን። ቤት! ከነዚህ ሞላዎች ኤልዳናን የሚያውቅ አለ?»

«ከወይዘሮ ኤልዳና ጋር በአንድ ካፌ የሠራ አንድ አለ። ሰበታ ይኖራል። ልደውል?»

«ደውል» አለች ሜላት። «አትደውል» አለ ያብስራ። ቤቱ የጨዋታ ሕጉን ያውቃል፤ ቀድሞ የተነገረውን ነው የሚፈጽመው።

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ከነብርድ ልብሱ በቁመቱ ልክ ብቅ አለ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲስቅ ሰው ሠራሽ ጥርሶቹ ይንሸራተታሉ።

«ማነው?»

«ያብስራ እባላለሁ። የኤልዳና ባል።»

«ውይ ያብስራ! አላውቅህም እንዴ? ሰርግህ ላይ ክትፎ ያዞርኩት እኔ ሞላ አስተናጋጁ አይደለሁ? ነፍሷን ይማር። ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ፤ ይኸው ጉልበቴ ነው የያዘኝ።»

«ጉልበትህ ተመለሰ ነው የሚለው ጽሑፉ» አለ ያብስራ።

«ምን አልክ?»

«ጋሽ ሞላ፣ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ እውነቱን ንገረኝ። ሁለታችንም ወደ መሄጃችን ነን። ኤልዳና ዘይት ቀብታህ ታውቃለች?»

ሽማግሌው አየው። ወደ ሜላት ዞሮ አየ፤ ሜላት ፊቷን በፎጣ ሸፍናለች።

«ዘይት?»

«መጋቢት ዘጠኝ። ‹ሞላ ተፈታ፣ ዘይት ቀባሁት› ብላ ጽፋለች። በግንቦት ደግሞ ስትታገልህ አርፍዳለች።»

 የጋሽ ሞላ ብርድ ልብስ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ጥርሱ ወለቀና ከግድግዳው ጠፋ፤ ሲመለስ ጥርሱን በእጁ ይዞ እንባውን እየጠረገ ነው።

«አንተ ሰውዬ! ሞላ እኮ ብረቱ ነው! የማሽኑ ሞላ! እጀታው ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ ብረት! ስትጫነው የሚታመቅ፣ ስትለቀው የሚገፋ!»

«ሞላ?» አለ ያብስራ።

«ሞላ! መካኒኩም፣ ማሽኒስቱም፣ ሶፋ ሠሪውም ሞላ ነበር የሚለው። የመኪና ሞላ፣ የበር ሞላ። የት ነው የኖርከው? ካፌው ጢም ብሎ ሳለ ኤልዳና ማሽኑ ላይ ሆና ‹ኧረ ሞላ ደከመ!› ብላ ትጮሃለች። እኔ ሳህን ተሸክሜ ‹አልደከምኩም!› እላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት፣ በየቀኑ። ደንበኛውም በየቀኑ ይስቃል።»

ያብስራ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ያን የረሳውን ዓረፍተ ነገር ከስክሪኑ ላይ እንዳለ አሁን አስታወሰው፦ «የመኪናዬ ሞላ ተሰበረ።» ማታ ለኤልዳና ሲነግራት ያለውም ትዝ አለው። «ሞላ የሚባል ሾፌር ቀጥሮ፣ እግሩን ተሰብሮበት ይሆናል። ግድፈት አልኩት።» እሷም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ሞላ በጣቱ እንደሰረዘ እግዜር ይወቀው። ቃሉን ከሀገሩ ቤቶች ሁሉ አፍ ያወጣው እሱ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ከሱ አሥር እርምጃ ርቃ፣ በየጠዋቱ፣ ሞላውን ትጫን ነበር።

«ያቤ» አለች ሜላት፤ ፎጣውን ከፊቷ አንስታለች። «አልጋው ሥር።»

ያብስራ ተነስቶ ሄደ። ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ጮኸ። በግድግዳው በኩል፣ ወለል ጠራጊዋ ማሽን ለዓመታት ዞራው ስታልፍ የኖረችው አንድ የሸራ ከረጢት አለ። ጎተተው፤ ከበደው። ውስጡ ሁለት ቺያቬ፣ አንዲት ካቻቢቴ፣ የጎማ ቀለበቶች፣ በቆርቆሮ ያለ ግራሶ፤ ከታች ደግሞ ቡናማ የሱፍ ካልሲ። ካልሲው ውስጥ የክንድ ውፍረት ያለው ጥምዝምዝ ብረት፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

«ካልሲዬ!» አለ ያብስራ። ሦስት ዓመት የፈለገው ካልሲ ነው።

«ካልሲውን እንዳልወሰድኩ በወቅቱ ገልጫለሁ» አለ ቤቱ።

ያብስራ እንዳያገኘው ለምን እንደጻፈች ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ የሕንፃው ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ በሚያወጣበት ቀን ከያብስራ የሚቀድም አልነበረም። የማያውቀውን ነገር ሁሉ ይጥላል። አንድ ጊዜ የማሽኑን ጎማዎች «የማሰሮ ክዳን መስሎኝ» ብሎ ጥሎባት፣ ሦስት ቀን ከግድግዳው ቡና ስትጠጣ ሰንብታለች። ያኔ «እጅህን!» ማለት ጀመረች።

«እንግዲህ ግጠሙት» አለ ጋሽ ሞላ ከግድግዳው። «ስትሠራው አይቻለሁ። ማሽኑ ቀዝቅዟል? ውሃው ወጥቷል? በሉ እጀታውን ወደ ታች ያዙት፤ ቀዳዳዋ ስትመጣ ሚስማር አስገቡባት። ካልታሰረ ሞላው ይዘላል። አገጫችሁን አርቁ! ከዚያ ብሎኑን በቺያቬ ፍቱት።»

እጀታውን ሜላት ያዘችው፤ በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት ማለት ይሻላል። «ሐኪሙ አሥር ኪሎ ቀንሺ ብሎኝ ነበር» አለች። «ለዚህ ቀን መሆኑን ማን ነገረው? ቶሎ በል አንተ፣ ይሄ ሞላ እጄን ገነጠለው!»

«የትኛው ነው ቺያቬ?»

«አፍ ያለው!»

«ሁለቱም አፍ አላቸው!»

«ትልቁ አፍ!» አለ ጋሽ ሞላ። «እንደ ሜላት።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሰበታ ድረስ እመጣልሃለሁ!»

አሮጌው ሞላ ወጣ። ከመሃሉ ተሰንጥቋል፤ የተቀባው ዘይት እንዳለ ነው። ያብስራ ጠረጴዛው ላይ በፎጣ አስተኛው። አዲሱን ግራሶ ሲቀባው ጣቶቹ ጠቆሩ፤ ማታ በሳሙና ቢያሻቸውም አልለቀቁም፤ እሱም አጥብቆ አላሻቸውም።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ደረሰች። አንጓች ትባላለች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠፍጣፋ ስክሪን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ የማሽኑን ቁመትና ወርድ ለካች።

«አባቴ፣ አንድ ሲኒ። አንድ ዕድል ነው ያለው፤ እኔ አላወጣሁትም ደንቡን።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ሜላት በሩ ላይ ቆማ ጣቶቿን አቆላልፋለች። ያብስራ ቡናውን ደለደለ፣ መያዣውን ገጠመ፣ አገጩን አራቀና እጀታውን ሳበ። ከበደው፤ አዲሱ ሞላ ተቃወመው። እስከ ታች አድርሶ ትንሽ ያዘው፤ ከዚያ ለቀቀው። እጀታው ቆመ። ምንም የለም።  ከዚያ እጀታው፣ ከሰዓት ዘንግ ባልፈጠነ እርምጃ፣ መነሳት ጀመረ።

«ስንት ሰከንድ ይፈጃል?» አለች አንጓች። «ቅጹ ይጠይቃል።»

«አንድ ሕልም ያህል» አለ ያብስራ።

«እንዴት?»

«ትናንት ማታ» አለ ዓይኑን ከእጀታው ሳይነቅል፣ «ኤልዳና ካፌው ውስጥ ናት። እኔ ገባሁና ‹ሞላ ስጪኝ› አልኳት። ‹የትኛውን?› አለችኝ። ሁለቱም ሞላዎች ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። አንዱ የኔን ካልሲ አድርጓል። እኔም ተናደድኩና…»

እጀታው ጫፍ ደረሰ። ሕልሙ ለነገ ተላለፈ።

ሲኒው ውስጥ ወፍራም፣ ከላዩ ወርቃማ አረፋ ያለው ቡና ነበር። አንጓች ተቀበለችና ቀመሰች። የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው መለኪያ ጮኸ፤ የዛሬ የቡና ልኳ አልፏል። መለኪያውን በእጅጌዋ ሸፈነችና የቀረውን ጨለጠችው።

«ቀድቷል» አለች ለስክሪኗ። «የተለወጠ አካል አለ?»

«አለ። ሞላ።»

ስክሪኗ ቀላ። «‹ሞላ፦ የሰው ስም። ሰው በመለዋወጫነት አይመዘገብም› ይላል አባቴ። ሌላ ስም የለውም?»

«‹ታማቂ ተመላሽ ጥምዝ አካል› የሚል አለ» አለ ቤቱ።

«እሱ የፋብሪካ ስም ስለሆነ የፋብሪካ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥር አለው?»

«ካልሲ ነው ያለው» አለች ሜላት።

አንጓች እውነትም አዘነች። «በልማድ ስሙ ቢሆን ቁጥር አያስፈልገውም ነበር። ግን ቃሉ ከሌለ ዕቃው የለም። ዕቃው ከሌለ ማሽኑ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ማሽን ደግሞ…» ወደ በር እጀታው አየች።

ያብስራ ቀና አለ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራው በአንድ ጊዜ ወደ አፉ መጣ። «ቤት! የተሰረዘ ቃል የሚመለሰው እንዴት ነው?»

«ሦስት ሰዎች፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ትርጉም፣ ሳያነቡና ሳይታዘዙ በአፋቸው ሲሉት ነው።»

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

«እርስዎ፣ ጋሽ ያብስራ። በ2044።»

«እስካሁን ስንት ነን?»

«ሁለት። እርስዎና ወይዘሮ ሜላት።»

«ጋሽ ሞላስ?»

«ሞላ የሚባል ሰው ሞላ ሲል ስሙን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። አይቆጠርም።»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ አንጓች ዞሩ።

«እንዳታዩኝ!» አለች። «እኔ ሳልታዘዝ ማለት አልችልም፤ አሁን አውቄዋለሁ። ብለውም ማታለል ነው።» ስክሪኗን ከደረቷ ነቅላ ያዘች። «የመጨረሻው የደኅንነት ፍተሻ ብቻ ነው የቀረኝ። ይቅርታ አባቴ።»

ወደ ማሽኑ ሄደች። የቡናውን መያዣ አውጥታ ውስጡን አየች፤ ባዶውን አስቀመጠችው። ከዚያ እጀታውን ጨብጣ፣ ቅጹ እንደሚያዘው፣ እስከ ታች ጎተተችው።

ያብስራ የኤልዳናን አገጭ አየ። «ኧረ አገጭሽን!» ብሎ ጮኸ።

አንጓች ወደ ኋላ ዘለለች። እጀታው እንደ ጥይት ተወነጨፈ፤ አፍንጫዋን በአንድ ጣት ስቶ አለፈ፤ ማሽኑ ከነሲኒው ተንቀጠቀጠ።

«ውይ በስመአብ!» አለች ልቧን ይዛ። «ይሄ ሞላ ሰው ይገድላል እኮ!»

ቤቱ ጉሮሮውን የጠረገ መሰለ።

«ሦስት» አለ።

ሜላት እልል ለማለት ከፍታ የነበረውን አፏን በእጇ ያዘች፤ ደጅ ያለው ሊፍት ሰምቶ እንዳይመዘግባት። አንጓች አሁንም ልቧን እንደያዘች ነው። ስክሪኗ ቀስ ብሎ አረንጓዴ ሆነ።

«ቃሉ ተመልሷል» አለ ቤቱ። «ከአሁን ጀምሮ በሀገሪቱ ያሉ ቤቶች ሁሉ ያውቁታል። ለሚጠይቅ ሁሉ የሚነገር አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ጋሽ ያብስራ፣ እርስዎ ልምዱ አለዎት።»

ያብስራ ልምዱ አለው። በዘመኑ በሺህ የሚቆጠሩ ምሳሌዎች ጽፏል፤ ሁሉም ትክክል፣ ሁሉም የማንም ያልሆኑ። ግራሶ የጠጡ ጣቶቹን አየ። ከዚያ ደብተሩን አንስቶ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ፤ መነጽር ግን አላስፈለገውም።

ከዚያን ዕለት ወዲህ፣ በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሞላ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ቤቱ ከጉንፋን ገና ባገገመ በሚመስል ድምፁ እንዲህ ይለዋል፦

«ሞላ፦ ሲጫኑት የሚታመቅ፣ ሲለቁት የሚመለስ። ምሳሌ፦ ሁለተኛው ሞላ አልጋው ሥር ነው። ያብስራ እንዳያገኘው።»